ዘሃራ ማየት ስትማር

የዘሃራን ሞት የሰማሁት አቃቂ ገበያ ነጠላ ስመርጥ ነው። ጥለቱን እያገላበጥኩ ሳለ ሻጯ ትክ ብላ አየችኝና፣ «አንቺ ድሮ ሸማ ተራ አልነበርሽም እንዴ?» አለችኝ። ነበርኩ አልኳት።

«እንግዲያው የዘሃራን ነገር ሰምተሻላ!»

«የቷ ዘሃራ?» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። ለእኔ በዓለም ላይ ያለችው አንዲት ዘሃራ ብቻ ናት።

«ያቺ ዓይኗ የበራላት፣ የጋሽ ሰይድ ሚስት። ክረምት ሳይገባ እኮ ነው ያረፈችው። በምን እንደሆነ አልታወቀም። ጠዋት ሱቅ ከፍታ ተቀምጣ፣ ቀትር ላይ የለችም።»

ነጠላውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ተቀብራለች፤ ለቅሶዋ አልፏል፤ ሰዉ ሐዘኑን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል። እኔ ግን ያንን ሁሉ ጊዜ «እንቁጣጣሽ ሲያልፍ መርካቶ ወርጄ እጠይቃታለሁ» እያልኩ፣ እየበላሁ፣ እየሳቅሁ ከርሜያለሁ። ሻጯ ውሃ አምጥታ እያጠጣችኝ፣ «ዘመድሽ ናት?» አለችኝ። በሥጋ አልነበረችም። ከሥጋ ዘመድ የሚቀርብን ሰው ምን ብለው እንደሚጠሩት ደግሞ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ዘሃራ የወሰደኝ ታላቅ ወንድሜ ተካ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ተካ የካሚዮን ሹፌር ነበር፤ የአሰብን መንገድ ይመላለሳል። እናትና አባታችን ሲሞቱ ከሰላሌ አምጥቶ መሳለሚያ አጠገብ በተከራያት ክፍል አስገባኝ። ሁለት ነፍስ ብቻ ቀርተናል፤ እሱ ለእኔ አባትም እናትም ነው። ጭነት የሚያመላልስላቸው ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ሸማ ተራ ሱቅ ነበራቸውና፣ ጥለት የምትሰፋ ሴት እንደሚፈልጉ ሲሰማ እኔን አቀረበ።

የመጀመሪያው ቀን ወደ ሱቁ ስገባ አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የፈትል ክር በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ታሻለች። ቀና ሳትል፣ «ግራ እግርሽን ጫማ በልቶሻል፤ አውልቂውና ግቢ» አለችኝ። እውነት ነበር፤ ተካ የገዛልኝ አዲስ ጫማ ተረከዜን ልጦኛል። እንዴት አየችኝ ብዬ ጎንበስ ብል፣ ብሌኗ ላይ እንደ ወተት ያለ ነጭ ነገር ተጋርዷል። ዓይነ ስውር መሆኗን ማንም አልነገረኝም። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለች።

«ምንም፣ እትዬ። እርስዎ...»

«እርስዎ የምትዪው ማንን ነው? እዚህ ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን አለ?» ብላ ሳቀች። እስከ መጨረሻው «እትዬ ዘሃራ» እያልኩ በ«አንቺ» ያወራኋት በዚህ ምክንያት ነው። ጋሽ ሰይድን ግን አንድም ቀን «አንተ» ብዬ አላውቅም።

ዘሃራ ዓይኗን ሞራ የጋረደው ገና በሕፃንነቷ፣ የእናቷ ፊት እንኳ ትዝ ሳይላት ነው። ያሳደገቻት አክስቷ ፈታይ ነበረች። ዘሃራን ከቤት ጥግ አስቀምጣ ከማብላት ይልቅ ጣቶቿን ልታስተምር ተነሳች። እንዴት እንዳስተማረቻት ዘሃራ እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። አክስትዬዋ አንዲት የጸጉር ዘለላ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጥና በስስ ጨርቅ ሸፍና፣ «ፈልጊ» ትላታለች። ዘሃራ ቀኑን ሙሉ ጨርቁን ስትዳብስ ትውላለች። ጸጉሯን ስታገኝ አክስቷ ሌላ ጨርቅ ትደርባለች። ያንንም ስትለምድ ሌላ።

«አለቅስ ነበር» አለችኝ። «ምንም የለም እላታለሁ። እሷ ደግሞ አለ ትለኛለች። ከዚያ አንድ ቀን ጸጉሩ ራሱ ከጨርቁ ሥር ይነሳና ጣቴን ይነካኛል።»

አላመንኳትም። ከራሷ ላይ አንዲት ዘለላ ነቅላ አንድ እጥፍ ነጠላ ሥር አኖረችና «በይ» አለችኝ። ምንም የለም። ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ እዳብስ ጀመር። ለረጅም ጊዜ ጨርቅ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ስዳብስ፣ ከነጠላው ሥር ቀጭን ጅማት የመሰለ ነገር ተነሳብኝ። እባብ የነካሁ ያህል ጮኼ እጄን ሰበሰብኩ። ዘሃራ ከሳቋ ብዛት ተንከባለለች። «ጣትሽ ያው የትናንቱ ነው፤ ውስጥሽ ነው የነቃው» አለችኝ፣ ደረቴን ሳይሆን ግንባሬን መታ አድርጋ።

መርካቶ ውስጥ ያለ መሪ ትሄድ ነበር። ቤታቸው ከራጉኤል ጀርባ ነው። በዚያ ሁሉ ግፊያ፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ፣ አህያው እየተጋፋ፣ እሷ ጣቷን ጧ ታደርግና ድምፁ ከግድግዳ ሲመለስ ትሰማለች። ድምፁ ካልተመለሰ መታጠፊያ አለ ማለት ነው። አብሬያት ስሄድ ጉድጓድ ውስጥ የምገባው እኔ ነበርኩ። ማንኛውንም ዕቃ ለመንካት ስትፈልግ ደግሞ «ስጪኝ ልየው» ነበር የምትለው። ለእሷ ማየት ያ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ፈንጣጣ አርሶታል። ስስ ፎጣ ከአንገታቸው እስከ አፍንጫቸው ይጠመጥማሉ፤ ገበያተኛ ሲያናግሩ እንኳ አይገልጡትም። በሸማ ተራ ሕፃን ልጅ አይቷቸው ሲያለቅስ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ዕቃ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ዘሃራ ግን ስለ ባሏ ፊት ስታወራ ሰው ስለ ጥሎሽ ወርቅ እንደሚያወራ ነበር። «ኒካህ የታሰረ ቀን አክስቴ በጆሮዬ፣ ፊቱ ጥሩ አይደለም አለችኝ። አቅርቡልኝና ልየው አልኩ። አየሁት። ወላሂ፣ የማር እንጀራ ነው! ለስላሳ ፊትማ ምን ወሬ አለው?»

እንዲህ እየኖሩ ሳለ ነው ተካ ያንን ወሬ ይዞ የመጣው። ከአሰብ ሲመለስ ሱቁ ውስጥ እንደቆመ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ሞራ እንደሚገፍ፣ የአንድ ባልደረባው እናት በርቶላቸው እንደመጡ ተናገረ። ዘሃራ ክር ማሻቷን አቆመች። ጋሽ ሰይድ ግን፣ «ዘሃራ ምን ጎደለባት?» አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ሲሻክር ሰምቼ አላውቅም።

«ምንም አልጎደለብኝም፣ ሰይዴ» አለች። «ግን ሰው ሁሉ አየሁ፣ አየሁ ይላል። ምንድነው እስቲ ልወቀው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተካ በመጣ ቁጥር ያንኑ ያነሳል። ጋሽ ሰይድ አልከለከሉም። አንድ ጠዋት ዘሃራ ራሷ፣ «ካሚዮንህን አስነሳ» አለችውና ጋቢና ውስጥ ከእሱ ጎን ተቀምጣ ወደ ሐኪሙ ሄደች። ጋሽ ሰይድና እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ነበርን። መንገዱን ሁሉ ፎጣቸውን ሲያስተካክሉ ሄዱ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጭንቅላቷ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ፣ ሳትነቃነቅ ብዙ ቀን ተኛች። ዓይኗ ተሸፍኗል። ፋሻው የተፈታ ቀን ሁላችንም ነበርን። ሐኪሙ፣ አስተርጓሚው ድሬሰር፣ ተካ፣ እኔ፣ ጋሽ ሰይድ። እኔ የጠበቅሁት እንደ ተአምር ታሪክ ነበር። ዓይኗን ትከፍታለች፣ ባሏን ታያቸዋለች፣ እናለቅሳለን። ጋሽ ሰይድም እንደዚያ ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ ሐኪሙ የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽር ሲያደርግላት፣ ያንን ስንት ዓመት ያልተገለጠ ፎጣ በሁለት እጃቸው አውርደው ከፊቷ ቆሙ።

ዘሃራ ዓይኗን ገለጠች። ገለጠችና ጮኸች።

«አንሱልኝ! መጣብኝ! አንሱልኝ!» እጆቿን ፊቷ ላይ ጋርዳ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ምን እንደመጣባት አናውቅም። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ምንም የለም። ሐኪሙ በቀስታ እጇን ይዞ አወረደውና፣ በድሬሰሩ በኩል፣ «ይህ ማነው?» አላት፣ ጋሽ ሰይድን እያመለከተ።

ረጅም ጊዜ አፈጠጠች። ከዚያ፣ «ይህ ምንድነው?» አለች።

ማነው አላለችም። ምንድነው ነው ያለችው። ተካ ግድግዳውን ተደገፈ። ጋሽ ሰይድ ፎጣቸውን ቀስ ብለው መልሰው ጠመጠሙ፤ ወጡ። ዘሃራ የእግራቸውን ኮቴ ስትሰማ ነው የነቃችው። «ሰይዴ! ሰይድ እዚህ ነበር እንዴ? የት ነበር?» እያለች ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

ሐኪሙ ያን ጊዜ የተናገረውን ድሬሰሩ ሲተረጉምልን ግማሹ ብቻ ነበር የገባኝ። «ዓይኗ ድኗል። ማየት ግን ዓይን ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም። አእምሮዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከዓይን ወሬ መጥቶለት አያውቅም። አሁን የሚመጣለት ሁሉ ለእሷ ጫጫታ ነው። አንድ ሕፃን የሚማረውን ከሥሩ መማር አለባት፤ ከሕፃን የሚከብዳትም፣ ያ ዓይን የሚሠራበት ቦታ ባዶ ሆኖ ስላልጠበቃት ነው። ጣቷና ጆሮዋ ገብተውበታል።» ተካ፣ «ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?» ሲለው ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ።

ወደ ቤት ስትመለስ ጋሽ ሰይድ የሉም። ሱቅ ውስጥ ያድራሉ፤ ምግብ በእኔ በኩል ይልካሉ። «ይምጡ እንጂ» ብላቸው፣ «አየችኝ እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «አየችኝና ምንድነው አለች። ከእንግዲህ በዚህ ፊት ምን ብዬ እቀርባታለሁ?»

ዘሃራም ባሏ ለምን እንደራቋት አልገባትም። መነጽሯን አውልቃ ጥግ ይዛ ትውላለች። በመጨረሻ ነገርኳት። «እኔ እኮ ፊት መሆኑን አላወቅሁም» አለች። «ወላሂ! ቡኒና ጥቁር ነገር ነበር፤ ይንቀሳቀሳል። ግድግዳውም፣ መስኮቱም፣ አንቺም አንድ ላይ ተጣብቃችሁ ነው የመጣችሁብኝ። እሱ ግን ይህን አያውቅም?»

ተነሳች። መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዓይኗን በነጠላዋ አስራ ወጣች። ሮጬ ተከተልኳት። እንደ ድሮዋ ጣቷን ጧ እያደረገች፣ በራጉኤል ሥር አልፋ፣ ሸማ ተራ ገባች። ጋሽ ሰይድ ደንበኛ ፊት ቆመዋል። ሄዳ ፎጣቸውን ገለጠችውና በሁለት እጇ ፊታቸውን ያዘች። ገበያው ሁሉ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው እያየ ጋሽ ሰይድ እንጨት ሆነው ቀሩ።

«አትንቀሳቀስ» አለቻቸው። አንድ እጇን ሳታነሳ ነጠላውን ከዓይኗ ፈታች፤ መነጽሯን አደረገች። ጣቷን ጉንጫቸው ላይ ካለ አንድ ጠባሳ ውስጥ ከታ ጎንበስ ብላ አየችው። ጣቷን አነሳች፤ አየች። መልሳ ነካች፤ አየች።

«ይሄ ነው?» አለች በሹክሹክታ። «ይህቺ ጎድጓዳ ይህቺ ጥቁር ነገር ናት? ይሄ ደግሞ አፍንጫህ ነው... አፍንጫ ከሩቅ እንዲህ ነው እንዴ! ያ አላህ፣ ሰይዴ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ከድስት አልለየሁህም!»

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። እየሳቁም እንባቸው በጠባሳዎቻቸው ውስጥ እየዞረ ወረደ። ዘሃራ ያንን የሚያብለጨልጭ ነገር በጣቷ ተከትላ፣ «ይሄስ ምንድነው?» ስትል ደንበኛው ሳይቀር አለቀሰ።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። ጠዋት ገበያው ሳይሞቅ ምንጣፉ ላይ ዕቃ እደረድርላታለሁ፤ ሎሚ፣ ቁልፍ፣ እንቁላል፣ እንዝርት። ታያለች፣ ትገምታለች፣ ትሳሳታለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ትዳብሰዋለች፤ ወዲያው ታውቀዋለች። ዓይኗን ገልጣ እየዳበሰች ደግማ ታየዋለች። ስንት ጊዜ እንቁላልን ሎሚ እንዳለች! ቀለማቸውን ብትለይም ቅርጻቸው አንድ ነበር ለእሷ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያንኑ እንቁላል ሳስቀምጥላት እንደ አዲስ ትጀምራለች።

ያኔ ነው ማየት ምን ያህል የተማርነው ነገር እንደሆነ የገባኝ። መንገድ ላይ የስልክ እንጨት ጥላ ሲያጋጥማት ቦይ መስሏት ነጠላዋን ሰብስባ ትዘላለች፤ እውነተኛውን ቦይ ደግሞ ጥላ ነው ብላ ትገባበታለች። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር የፈረስ ሥዕል እንዳለበት ስንነግራት ወረቀቱን ዳብሳ፣ «የታለ ፈረሱ? ልሙጥ እኮ ነው» አለች። አንድ ቀን ደግሞ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ያ ሕፃን ብቻውን ምን ይሠራል? ሰው ይረግጠዋል!» ብመለከት ከመንገዱ ጫፍ ጆንያ የተሸከመ ጎልማሳ ይመጣል። በአጠገባችን ሲያልፍ፣ «አደገ! ዓይኔ እያየ አደገ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሲርቅ ማነሱን እስከዚያ ቀን የነገራት የለም። እኛስ ማን ነግሮን ነው? እኔም ያን ቀን ደነገጥኩ። ቤቴ ስደርስ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ሰዎች እየመጡ ሲያድጉ፣ እየሄዱ ሲያንሱ ሳይ አመሸሁ።

ሁሉም ግን ሳቅ አልነበረም። ዓይኗ መሥራት ሲጀምር ጣቷ ይሳሳት ጀመር። ክር ይዛ እያየች ስታሻ ቀጭኑን ወፍራም ትላለች። ግድግዳውን መስማት ተሳናት፤ ጫጫታ በበዛበት ቦታ ጣቷን ጧ ብታደርግ ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ይጎትታታል። አንድ ቀን ከነመነጽሯ ቦይ ውስጥ ወድቃ ክንዷ ተላጠ። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ መንገድ ስትሄድ ወድቃ አታውቅም። ተካ ሲመጣ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«ምን በድዬህ ነው፣ ተካ?» አለችው። «ቤቴ ተቀምጬ ነበር እኮ። ከቤቴ አውጥተህ የማላውቀው አገር ጣልከኝ።»

ወንድሜ ወጥቶ ካሚዮኑ መርገጫ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ተመለሰና እጇ ላይ ከአሰብ ባሕር ዳር የለቀመውን ቀንድ አውጣ የመሰለ ዛጎል አኖረላት። «እኔ መንገድ ስጀምር መሪው አልታዘዝ ብሎኝ አልቅሻለሁ፣ እትዬ ዘሃራ» አላት። «ይህን እስክለይ ብለሽ ታገሽኝ።» ዛጎሉን ዓይኗን ጨፍና አገላበጠችው። ከዚያ ገልጣ አየችው። አፉን፣ ጠመዝማዛውን፣ ውስጡ ያለውን ሮዝ ቀለም። «ይሄስ በጣት አይታይም» አለች፣ ሮዙን እያሳየችው። ታረቁ።

ከዚያ በኋላ መላ አበጀች። ክር ስትለይ መነጽሯን ታወልቃለች፤ «ዓይኔ ያወራብኛል፤ ዝም ላሰኘው» ትላለች። መንገድ ስትሄድ ታደርገዋለች። ቀስ በቀስ ጥላና ቦይ ተለያዩ፤ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ማደጉን ተወ፤ ፈረሱም አንድ ጠዋት ከካላንደሩ ላይ ብድግ አለላት፤ በጩኸቷ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት፤ የሰው ፊት። ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ መሆኑን ታውቃለች። ባሏን ትለያለች፣ እኔን በነጠላዬ ትለየኛለች። ፊት ላይ ያለውን ስሜት ግን ልታነበው አልቻለችም። ከፊቷ ቁጭ ብዬ ድምፅ ሳላሰማ እስቃለሁ፣ እቆጣለሁ፣ አዝናለሁ። «ከንፈርሽ ተዘረጋ። ተቆጣሽ?» ትለኛለች እየሳቅሁ። «ተናገሪ እስቲ» ትላለች በመጨረሻ፤ ድምፄን ስትሰማ አንዲት ቃል ይበቃታል። ስንት ወር እንደዚያ ተለማመድን። አንድም ቀን አላወቀችም ማለት እችላለሁ። ድሬሰሩን አግኝተን ብንጠይቀው፣ እሱ ነገር ምናልባት እንደማይመጣላት ሐኪሙ ተናግሮ ነበር አለን።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይዋ ሱቁ ደጃፍ ደርሳ ነበር። ጋሽ ሰይድ ለሸማኔዎች ድር ሊያደርሱ ወጥተዋል። እኔ እሰፋለሁ፤ ዘሃራ መነጽሯን አድርጋ ጥለት በየቀለሙ ትደረድራለች። ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው የግቢያችን አከራይ አቶ ደምሴ ናቸው፤ ሌላው ግርማ፣ የተካ ጓደኛ፣ እሱም የአሰብ መንገድ ሹፌር ነው። ብዙ ጊዜ ቤታችን እየመጣ ሻይ ይጠጣል።

«እንዴት አደራችሁ! ጋሽ ሰይድ የሉም?» አሉ አቶ ደምሴ። ድምፃቸው የሁልጊዜው ነው።

«ይመጣሉ፤ ይቀመጡ» አልኩና ወደ ግርማ ዞሬ፣ «ተካስ? አብራችሁ አልገባችሁም?» አልኩት።

«ጭነት ይዞታል፤ ከኋላ ይደርሳል» አለኝ ግርማ፣ ፈገግ ብሎ። እንደ ልማዱ ነው የተናገረው። ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። በድምፅ የማትሸወደው ዘሃራ እንኳ ሰላም ብላው ጥለቷን ቀጠለች።

ቀጥላ ግን ቀና ብላ አየችው። ጥለቱን አስቀመጠች። ተነሳችና ዕቃ ለማየት እንደምትቀርበው በጣም ቀረበችው። ግርማ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ግርማ» አለችው። «ፊትህ ምን ሆኗል?»

እኔ ሳቅሁ። አሁንም ተሳሳተች ብዬ ነው። «እትዬ ዘሃራ፣ እየሳቀ እኮ ነው!»

«ከንፈሩ ይስቃል» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «ሌላው አይስቅም። እይው፣ እዚህ ጋ፣ ከዓይኑ ሥር... ይሄ ሳቅ አይደለም። ይሄ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም አላሳየኝም። ግን ሳቅ አይደለም።»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። አቶ ደምሴ፣ «ዘሃራ፣ ተይ እንጂ...» ብለው ሊያስቆሟት እጃቸውን አነሱ፤ አልጨረሱትም። ግርማ ከንፈሩ ላይ የያዘው ፈገግታ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ያን ጊዜ ገና ግማሹ ነው የገባኝ። «ተካስ?» አልኩ ደግሜ። «ግርማ፣ ተካስ?»

ግርማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ፊቱ ሊፈርስ ሲል አየሁት፤ መጀመሪያውን ብቻ። ወዲያው ዘሃራ ዞራ ደረቷ ላይ አስጠጋችኝ፤ ያ ሁሉ ክር ያለፈበት መዳፏ ዓይኔ ላይ አረፈና ዓለሙ ሁሉ ጨለመ።

«ተይ፣ አትዪው» አለችኝ በጆሮዬ። «አትዪው፣ እህቴ። እኔ አይቼልሻለሁ።»